የአምቡላንስ ሠራተኞች ጤና በወረርሽኝ ጊዜ፦ ችላ የተባለው የቶሮንቶ ማስረጃ

ወረርሽኝ የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኞችን ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለመዛል እንደሚዳርግ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። የሚያከራክረው ጉዳቱ መቼና በምን ይለካ የሚለው ነው።

እነ ጂያንቦ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 በጃማ ኔትወርክ ኦፕን ያሳተሙት ጥናት በመስኩ አብዝቶ ይጠቀሳል። በ34 የቻይና ሆስፒታሎች 1,257 ሐኪሞችንና ነርሶችን ጠይቆ፣ 50.4 በመቶዎቹ የድባቴ፣ 44.6 በመቶዎቹ የጭንቀት ምልክት እንዳላቸው አሳይቷል። አሃዙ ግን ቀላሉን ምልክት ሁሉ ያጠቃልላል፤ መካከለኛና ከባድ ድባቴ ብቻ ሲቆጠር ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። መጠይቁ ዉሃን በኮቪድ ሳቢያ በተዘጋች በሳምንቱ ገደማ ተጀምሮ በስድስት ቀን ተጠናቋል። የተመዘገበው እንግዲህ የሰሞኑ ድንጋጤ ነው። ክትትል እንደሌለው አጥኚዎቹ ራሳቸው ገልጸዋል፤ ማስጠንቀቂያውን የዘለሉት ጠቃሾቹ ናቸው። የአምቡላንስ ሠራተኛም በናሙናው ውስጥ የለም።

ሊጠቀስ የሚገባው የእነ ሮበርት ሞንደር የ2006 ጥናት ነበር። የሳርስ ወረርሽኝ ካለፈ ከ13 እስከ 26 ወራት በኋላ 769 የጤና ሠራተኞችን መርምሮ፣ ሳርስን ያከሙትን የቶሮንቶ ሆስፒታሎች ካላከሙት የሃሚልተን ሆስፒታሎች ጋር አነጻጽሯል። መዛል በቶሮንቶ 30.4፣ በሃሚልተን 19.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚከተል ጭንቀት ደግሞ 13.8 እና 8.4 በመቶ። ሥልጠናው፣ መከላከያውና ድጋፉ በቂ ነበር ያሉት ጉዳታቸው ያነሰ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ፍንጭ በመስኩ አይገኝም።

የእነ ሞንደርም ናሙና የሆስፒታል ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ተቃውሞው ናሙናውን እንጂ ዘግይቶ የመለካትንና የማነጻጸርን ዘዴ አይነካም። ደግሞም በ2003 በሳርስ ሳቢያ ከ400 በላይ የቶሮንቶ አምቡላንስ ባለሙያዎች ለ10 ቀናት ቤታቸው ተለይተው እንዲቆዩ ተደርጓል። በከተማዋ ያኔ እንዲህ የተለየ ሰው በሌላ ክፍል ይተኛ፣ ከቤተሰቡ ጋር ሲሆን ጭምብል ያጠልቅ፣ ሙቀቱንም በቀን ሁለት ጊዜ ይለካ ነበር። በ2004 የወጣው የእነ ላውራ ሃውሪላክ ጥናት፣ ብዙዎቹ የጤና ሠራተኞች ከሆኑ 129 ተለይተው ከቆዩ ሰዎች ውስጥ 28.9 በመቶዎቹ የዚሁ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚከተል ጭንቀት ምልክት እንዳሳዩና ቆይታው በረዘመ ቁጥር ምልክቱ እንደበረታ አግኝቷል።

የእነ ሃውሪላክ ናሙና ትንሽ ስለሆነ ውጤቱ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፦ ለአምቡላንስ ሠራተኛ ከምክር አገልግሎት በፊት ፊቱን በልኩ የሚሸፍን ጭምብል፣ ከቤተሰቡ ውጭ ማረፊያና በቂ እረፍት ያለው የሥራ ፈረቃ ይቀድማሉ፤ የጤና ምርመራውም ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቀጠል አለበት።