ጥንድ ፍሪሲዮን፦ በማንዋልና በአውቶማቲክ መካከል ስም ያጣው ካምቢዮ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ሐበሾች ስለ ፈጣን መኪና ማውራት ከጀመሩ ክርክሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ማንዋል ካልሆነ መኪና ነዳሁ አይባልም» ይላል። ሌላው «በዚህ ትራፊክ ፍሪሲዮን ስረግጥ ልዋል እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። ተከራካሪዎቹ ነገሩን በወሬ የሚያውቁ ሰዎች አይደሉም። በከተማዋ ታክሲ፣ ሊሞዚንና ኡበር ይዞ የሚያድር ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽን በ2023 እ.ኤ.አ. አንዱን አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ እስከ መሰየም የደረሰው ማኅበረሰቡ ስለበዛና ሥር ስለያዘ ነው። መሪ ጨብጠው ልጆች ያሳደጉ ሰዎች ናቸው የሚከራከሩት።

ሆኖም ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ይዘላሉ። ስትሪፕ በሚባለው የከተማዋ ዋና ጎዳና ላይ እያገሳ የሚያልፈው አዲሱ ኮርቬት ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ሦስተኛ ፔዳል ስለሌለው «አውቶማቲክ ነው» እንላለን፤ ውስጡን ብንከፍተው ግን የምናገኘው ፍሪሲዮን ነው፤ ያውም ሁለት። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጠው ይህ ኮርቬት፣ ሲ8 የሚባለው፣ በማንዋል ጨርሶ አይመረትም፤ የተለመደው አውቶማቲክም የለውም።

በእንግሊዝኛ ዱዋል ክላች ትራንስሚሽን ይሉታል፤ በጋራዥ ቋንቋ ዲሲቲ ነው። በአማርኛ «ጥንድ ፍሪሲዮን ካምቢዮ»፣ በንግግር ደግሞ በአጭሩ «ጥንድ ፍሪሲዮን» እንድንለው ሐሳብ አቀርባለሁ። ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ሶማሌ ተራ ወርዶ መለዋወጫ የገዛ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው፤ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። «ድርብ ፍሪሲዮን» የሚለውን የተውኩት በምክንያት ነው። የድሮ ከባድ መኪና ሹፌሮች ማርሹ እንዳይጮህ ፍሪሲዮኑን ለአንድ ቅያሪ ሁለት ጊዜ ይረግጡት ነበር፤ «ድርብ» ሲባል ያ የእግር ጥበብ ይታወሳል። «ጥንድ» ግን ሁለት አካል መኖሩን በቀጥታ ይናገራል።

አሠራሩን ለመረዳት ከምናውቀው ከማንዋሉ እንነሣ። ማንዋል መኪና ላይ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውም የሚለያየውም አንድ ፍሪሲዮን ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስንሄድ እግር ይረግጣል፣ የሞተሩ ጉልበት ከጎማው ይቋረጣል፣ እጅ ማርሹን ይቀይራል፣ እግር ይለቃል። ጎበዝ ሹፌር ይህን ሁሉ በዓይን ጥቅሻ ይጨርሰዋል። ያም ሆኖ በዚያች ቅጽበት መኪናው የሚጓዘው ቀድሞ ባገኘው ግፊት ብቻ ነው። መንገድ ላይ ማንም ልብ አይላትም፤ የውድድር ሜዳ ላይ ግን በየዙሩ ተደማምራ ማን እንደሚያሸንፍ ትወስናለች።

ጥንድ ፍሪሲዮን የሚደፍነው ይህችን ክፍተት ነው። ካምቢዮው ለሁለት ይከፈላል፦ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛና ሰባተኛ ማርሽ በአንድ ዘንግ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛ በሌላ ዘንግ ላይ ይቀመጣሉ። አንደኛው ዘንግ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሌላው በመሀሉ ያልፋል። ለእያንዳንዱ ዘንግ የራሱ ፍሪሲዮን ተሰጥቶታል። በሁለተኛ ማርሽ እየፈጠንን ሳለ ኮምፒውተሩ ሦስተኛን በወዲያኛው ዘንግ ላይ አስገብቶ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲደርስ አንዱ ፍሪሲዮን እየለቀቀ ሌላው እየያዘ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ከጎማው ላይ አይነሣም። ማሕሌት ላይ የቀኝና የግራ ወገን ሲቀባበሉ የሰማ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ቀኙ ሳይጨርስ ግራው ትንፋሹን ሰብስቦ ዝግጁ ነው፣ ዜማውም አይቆረጥም።

አንድ ድክመት አለው። ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ማርሽ የሚያዘጋጀው በግምት ነው። ሊፈጥን ነው ብሎ አራተኛን አዘጋጅቶ ሳለ ሹፌሩ በድንገት ፍሬን ይዞ ሁለተኛን ቢጠይቀው ለመሰናዳት ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። አዳዲሶቹ ግምታቸው በጣም ስለተሻሻለ ይህን የሚሰማ ሹፌር እየጠፋ ነው።

የተለመደው አውቶማቲክ አካሄዱ ሌላ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚገኘው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ዕቃ ሲሆን፣ በሞተሩ የሚዞረው ክንፍ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ ሌላውን ክንፍ ያዞራል። ለስላሳ ነው፤ መብራት ላይ ቆሞ መነሣትን የሚያህል ቀላል ነገር የለውም። አንድ ፍሪሲዮን ብቻ ያለው፣ ፍሪሲዮኑን በሹፌሩ ፈንታ ማሽን የሚረግጥለት አራተኛ ዓይነትም ነበር። ፌራሪ በ1997 በኤፍ355 ላይ አውጥቶታል፤ ላምቦርጊኒም ለአቬንታዶር በ2011 ይህንኑ መርጧል። ማርሽ በቀየረ ቁጥር ወደ ፊት የሚደፋ መኪና ከነዳችሁ ምናልባት እሱ ነበር።

ሐሳቡ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት በኒኮላይ ዳግማዊ ጋራዥ የሠራው ፈረንሳዊው መሐንዲስ አዶልፍ ኬግሬስ በ1930ዎቹ መጨረሻ ጥንድ ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮ ነድፎ ነበር፤ ለገበያ ግን አልበቃም። ሁለት ፍሪሲዮን በትክክለኛው ቅጽበት የሚያቀባብል ኮምፒውተር በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? ፖርሸ በ1980ዎቹ በ956 እና በ962 የውድድር መኪኖቹ ላይ አስነሣው፤ 962ም በ1986 ሞንዛ ላይ በዚህ ካምቢዮ አሸነፈ። ተራው ሰው ግን እስከ 2003 ጠበቀ፤ ያኔም ያገኘው በውድ የስፖርት መኪና ላይ ሳይሆን በፎልክስዋገን ጎልፍ አር32 ላይ ነው።

ላስ ቬጋስ የማርሽ ቅያሪን ታሪክ በሁለት ውድድሮች አይታዋለች። ጥቅምት 17 ቀን 1981 የፎርሙላ ዋን የዓመቱ መጨረሻ ውድድር በሲዘርስ ፓላስ ሆቴል የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ተካሄደ። ኔልሰን ፒኬ አምስተኛ ወጥቶ፣ ካርሎስ ሮይተማንን በአንድ ነጥብ ብቻ በልጦ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ሙቀት ለ75 ዙር፣ በየጥምዝምዙ አንድ እጁን ከመሪው እያነሣ ማርሽ በዱላ ሲቀይር ነበር፤ ከመኪናው ሲወጣ በድካም ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ውድድሩ በኅዳር 2023 ወደ ከተማዋ ሲመለስ ማክስ ቨርስታፐን በ6.2 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ 50 ዙር ያጠናቀቀው እጁን ከመሪው ሳያነሣ፣ ከመሪው ጀርባ ያሉትን መቀየሪያዎች በጣቱ እየሳበ ነው። ይህን ለውጥ ፎርሙላ ዋን ውስጥ ያስገባችው ኒጀል ማንሰል በ1989 ብራዚል ላይ ያሸነፈባት ፌራሪ ናት። የፎርሙላ ዋን ካምቢዮ ጥንድ ፍሪሲዮን እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ፤ ጉልበት ሳያቋርጥ የሚቀይርበት የራሱ ዘዴ አለው። ደንቡም ማርሽ በራሱ እንዲቀየር አይፈቅድም፤ ትእዛዙ የግድ ከሹፌሩ መምጣት አለበት። የፎርሙላ ዋን መኪኖችም «አውቶማቲክ» አይደሉም ማለት ነው።

የምርጫውን ጥያቄ ከሁሉ በላይ ጥርት አድርገው የሚያሳዩኝ ሼልቢ የሚለውን ስም የተሸከሙ ሁለት ሙስታንጎች ናቸው። በ1959 የለ ማንን የመኪና ውድድር ያሸነፈውና በ2012 ያረፈው የካሮል ሼልቢ ኩባንያ መቀመጫው ላስ ቬጋስ ነው፤ የሼልቢ መኪኖች ሙዚየምም እዚያው አለው። ፎርድ በሼልቢ ስም ያወጣው ጂቲ350 526 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የሚመጣውም በስድስት ማርሽ ማንዋል ብቻ ነበር። ቀጥሎ ጂቲ500 በ760 የፈረስ ጉልበት መጣ፤ በሰባት ማርሽ ጥንድ ፍሪሲዮን ብቻ። አንድ ስም፣ አንድ ፋብሪካ፣ ተቃራኒ ውሳኔ። የመጀመሪያው ሞተሩ በደቂቃ ከ8 ሺህ ዙር በላይ ሲጮህ ሹፌሩ በእጁና በእግሩ አብሮት እንዲሠራ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ከ100 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ማርሽ እንዲቀይር፣ ያን ሁሉ ጉልበት ሳያባክን መሬት ላይ እንዲያሳርፍ ነው የታሰበው። ሁለቱም ውሳኔዎች ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ልዩነቱን በቁጥር የሚፈልግ በ2021 የወጣውን የ992 ትውልድ ፖርሸ 911 ጂቲ3 ይመልከት። በጥንድ ፍሪሲዮን ከቆመበት 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 3.4 ሰከንድ ይበቃዋል፤ በማንዋል 3.9 ይወስድበታል። ትልቁ ፍጥነት ላይ ግን ማንዋሉ 320፣ ጥንዱ 318 ናቸው፤ ማንዋሉ ክብደቱም 17 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ፖርሸ በ2013 ጂቲ3ን ያለ ማንዋል ሲያወጣ ደንበኞቹን በጣም ቅር አላቸው። በ2016 በማንዋል ብቻ የሠራቸው 991 የ911 አር መኪኖች ወዲያው ከአዲስ ዋጋቸው በብዙ በላይ ይሸጡ ጀመር፤ በማግስቱ ዓመት ጂቲ3 ማንዋሉን መልሶ አገኘ። ቶዮታም ሱፕራን በ2019 በአውቶማቲክ ብቻ አውጥቶ በ2022 ማንዋል ጨመረለት። ከግማሽ ሰከንድ ይልቅ ፔዳሉን የሚመርጥ ሰው በዓለም ዙሪያ መኖሩን ገበያው ራሱ መስክሯል።

እንግዲህ ላስ ቬጋስ ላይ ያለ ገዢ ምን ይምረጥ? ላስ ቬጋስ ሞተር ስፒድዌይ ወይም ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፓህረምፕ ባለው ስፕሪንግ ማውንቴን ሜዳ ሰዓት ይዞ የሚነዳ ሰው ጥንድ ፍሪሲዮን ይውሰድ፤ ሁለት እጁ መሪ ላይ፣ ዓይኑ ጥምዝምዙ ላይ ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሬድ ሮክ ወይም ወደ ማውንት ቻርልስተን ለደስታው ብቻ የሚወጣ ሰው ግን ማንዋል ይግዛ፤ በዚህ ላይ አላመነታም። ብዙዎቻችን ሀገር ቤት መንዳት የተማርነው በማንዋል ነው። ዳገት ላይ ፍሪሲዮንና ነዳጅ አመጣጥኖ መኪና ማቆም የሚችል እግር ያለው ሰው ይህን ችሎታ ዝም ብሎ ሊጥለው አይገባም፤ ለልጆቹም ቢያስተምራቸው እወዳለሁ። ዕድሉ እየጠበበ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ አብዛኞቹ የሚቀየር ማርሽ የላቸውም። ሃዩንዳይ በአዮኒክ 5 ኤን ላይ የጥንድ ፍሪሲዮንን ስሜት በሶፍትዌር ለማስመሰል መሞከሩ ሰው ምን እንደሚናፍቅ ያሳያል።

ፈጣን መኪናውን በየቀኑ ይዞ የሚወጣና የሚገባ ሰውስ? ለእሱ የምመክረው ዘመናዊውን ባለ ቶርክ ኮንቨርተር አውቶማቲክ ነው። ቢኤምደብሊው ኤም5 ላይ ለዓመታት ጥንድ ፍሪሲዮን ከተጠቀመ በኋላ በ2018 ሞዴል ወደ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ ተመልሷል፤ ፍጥነቱም አልቀነሰም። የላስ ቬጋስ ሙቀት ሐምሌ 7 ቀን 2024 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። በዚያ ሙቀት ስትሪፑ ላይ አንድ እርምጃ ሄዶ መቆም ለፍሪሲዮን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ጥንድ ፍሪሲዮን መኪና ሲንፏቀቅ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይይዝ እየተፋተገ ይሞቃል። ጥንድ ፍሪሲዮን ያለው ሰው ከፊቱ ካለው መኪና ትንሽ ርቀት ይተው፣ በየግማሽ ሜትሩ አይጠጋ። ዳገት ላይም መኪናውን በነዳጅ ሳይሆን በፍሬን ይያዝ። ብዙ ሰው ይህን ካምቢዮ የሚፈራው በ2010ዎቹ መጀመሪያ ፎርድ ፎከስና ፊየስታ ላይ በገባው ደረቅ ጥንድ ፍሪሲዮን ምክንያት ነው፤ ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ኮርቬቱና ጂቲ500 ላይ ያለው በዘይት የሚታጠብ እርጥብ ዓይነት ስለሆነ ሙቀትን በተሻለ ይችላል፤ በልዋጩ ዘይቱና ፊልትሮው በጊዜው መቀየር አለበት።

ያገለገለ መኪና ማስታወቂያ ስንጽፍ «አውቶማቲክ» ብለን ብቻ ባናልፍስ? «ኮርቬት ሲ8፣ የ2021 ሞዴል፣ ባለ ስምንት ማርሽ፣ እርጥብ ጥንድ ፍሪሲዮን፣ የካምቢዮ ዘይትና ፊልትሮ የተቀየረበት ደረሰኝ ያለው» ተብሎ ቢጻፍ ገዢው ምን እንደሚገዛ፣ መካኒኩም ምን እንደሚጠብቀው ስልክ ከመደወላቸው በፊት ያውቃሉ።