«ወራጅ አለ!»

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። አያት ኮንዶሚኒየም አንዲት ጎረቤት አለችኝ፤ 16 ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት። ልጅቷ የምትማረው ቀበና ነው። ጠዋት ሰርቪሱ ከደጅ ያነሳታል፣ ማታ ከደጅ ያወርዳታል። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ደግሞ ቴሌግራም። እናት «ኧረ ዓይንሽ ሊጠፋ ነው! ይቺን ስልክ አንድ ቀን እሰብራታለሁ!» ትላለች።

ስልኩን የገዛችላት ግን ራሷ እናት ናት። መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘግቶ ትምህርቱ በቴሌግራም ሲላክ፣ ተበድራ ነው የገዛችው። ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ስልኩ እጇ ላይ ቀረ። እንዴት አይቀር? አንዷ ጓደኛዋ ሳሪስ ናት፣ አንዷ ኮልፌ፤ ብቻዋን መውጣት ደግሞ ክልክል ነው። ደጁን ቆልፈን ስልኩን ብንራገም ምን ይፈይዳል?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ያውም በፈተና ቀን፣ ሰርቪሱ ተበላሸ። እናት ሥራ ገብታለች። ልጅቷ ደወለች። «እማ፣ በባቡርና በታክሲ ልሂድ?» እናት ዝም አለች። መኪናው፣ ስልክ ቀሚው፣ ክፉ ሰው ሁሉ ባንዴ ታያት። አልፈርድባትም፤ ከተማችን የሚያስፈራ ነገር አላጣችም። በመጨረሻ «በይ ሂጂ፤ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፤ ስትደርሺ ደውዪልኝ» አለቻት።

እናንተዬ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ባቡር ሥራ የጀመረው ጥቅምት 2008 ነው። ይቺ ልጅ በሰርቪስ መስኮት እያየችው አድጋ አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈረችበትም! ያን ቀን ተጋፍታ ገባች፤ መገናኛ ወረደች። ቆሎ የምትሸጠዋን ሴትዮ «እናቴ፣ የአራት ኪሎ ታክሲ የት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ሰልፍ ያዘች፤ የኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሂሳቡ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወያላው ጋ ደረሰ፤ መልሱም እንደዚያው መጣላት።

ጭንቁ የመጣው ቀበና ሲቃረብ ነው። «ወራጅ አለ» ማለት አለባት። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። አጠገቧ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ አዛውንት አዩዋት።

«መውረጃሽ ነው ልጄ?»

ራሷን ነቀነቀች።

«በይ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። እዚህ ያለው ሁሉ እንደዚያ ብሎ ነው የሚወርደው።»

«ወራጅ አለ!»

ሾፌሩ ወዲያው ጥጉን ያዘ። ሮጣ ፈተናዋን ደረሰች።

ማታ ቡና ልጠጣ ገብቼ ነበርና ይህን ሁሉ ቆማ፣ በእጇ እያሳየች ነገረችን። ስልኳን ከቦርሳ ማውጣቷንም ረስታዋለች። ቀጠለችና «እማ፣ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ልሂድ?» አለች። አራት ኪሎ ያለው፣ በ2014 የተከፈተው ነው። እናት እኔን አየችኝ። «ትሂድ» አልኳት፤ ጀንበር ሳትጠልቅ እንድትመለስ ተስማማን። ይህን የሰማ የ11 ዓመት ወንድሟ «እኔስ?» ብሎ ተነሳ።

«አንተ ገና ነህ!» አለች እናት።

«እኔ ይዤው እሄዳለሁ» አለች እህቱ።