የጅማ ሲኒማ ቤት
(ስለ አሮጌ አዳራሽ መታደስ)

ቤት የሚያረጀው ዝናብና ፀሐይ ስለሚፈራረቁበት ብቻ አይደለም፤ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰው ሲጠፋ ይልቁን ፈጥኖ ያረጃል። ስለዚህ አሮጌ ቤት ይታደስ በተባለ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። አንደኛው ጣራውና ግድግዳው እንዴት ይጠገን የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛውና ከባዱ ቤቱ የማን ነው፣ ለማንስ ይታደሳል የሚለው ነው። እኛም ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ቡናው አገር ወደ ጅማ እንሄዳለን፤ ምክንያታችንም በዚያች ከተማ መካከል በጠላት ወረራ ዘመን የተሠራው ሲኒማ ቤት ነው።

ጅማ ሲኒማ ሳይኖራት አስቀድሞ የታወቀች የንግድ አገር ነበረች። ከ1870 ዓ.ም. ጀምሮ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን በጅሬን ኮረብታ ላይ አድርገው፣ ከኮረብታው በታች ባለው በሂርማታ ገበያ ከሩቅም ከቅርብም የሚመጣውን ነጋዴ ይቀበሉ ነበር። ቡናው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ከከፋ፣ ከጎማ፣ ከሊሙና ከጌራ እየተጫነ በዚያ ይገናኝ ነበር። ገበያ ደግሞ ዕቃ የሚለወጥበት ብቻ አይደለም፤ ወሬ የሚሰማበት፣ ዘመድ የሚጠያየቅበት፣ እንግዳ ነገር የሚታይበት ሸንጎ ነው። የዛሬይቱ ጅማ የበቀለችው ከዚህ ገበያ ነው።

ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ ጅማን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛቷ ዋና ከተማ አደረገቻት። መንገድ ተጠረገ፣ የመሥሪያ ቤቶች ተሠሩ፣ ሲኒማ ቤቱም ከእነዚሁ ጋር ቆመ። ነገር ግን ሕንፃው ያማረ መሆኑ የተሠራበትን አሳብ እንዲሰውርብን አንፈቅድም። የከተማው ፕላን ነጩንና የአገሩን ሰው በየሰፈሩ ለይቶ የሚያስቀምጥ ነበር። በ1931 ዓ.ም. የወጣው የዘር ሕግ፣ ለአገሬው ሰው ተለይቶ በተሰጠ የሕዝብ መሰብሰቢያ የሚገኘውን ኢጣሊያዊ እስከ መቅጣት ይደርስ ነበር። ሲኒማም ለወራሪው መንግሥት ከመዝናኛነቱ ሌላ የስብከት መሣሪያ ነበረ፤ ሉቼ የተባለው የመንግሥቱ የፊልም ድርጅት የጦርነቱንና የቅኝ ግዛቱን ሥራ እያወደሰ ያሳይ ነበር።

ሲኒማ ግን ከወራሪው ጋር የመጣ አይደለም። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ፊልም ይታይ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ሕዝቡም ሥጋና ደም የሌለው ሰው በግድግዳ ላይ ሲሮጥ አይቶ ስለ ተደነቀ፣ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። እንዲህ የተፈራው ቤት ከጥቂት ዘመን በኋላ ሰው ተጋፍቶ የሚገባበት መሆኑ፣ ሕዝብ አዲስን ነገር መርምሮ የራሱ ለማድረግ ያለውን ችሎታ ያስረዳል።

በሰኔ ወር 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጠላት እጅ ስትወጣ የዘር ሕጉም አብሮ ወደቀ። ግንቡ ያው ግንብ፣ መጋረጃውም ያው መጋረጃ ሳለ፣ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ተመልካቹ የሚለየው በከፈለው ዋጋ እንጂ በቆዳው ቀለም መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ቡና በዓለም ገበያ ዋጋው ከፍ ስላለ፣ ጅማም አጋሮም ሌሎቹም የቡና ከተሞች በለቀማው ወራት በነጋዴ፣ በሾፌርና በሠራተኛ ይሞሉ ነበር። በጅማ የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤትም ከየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ አመጣ። የገበያው ሸንጎ ማታ ማታ ጣራ ያለው ቦታ አገኘ ማለት ነው።

የወራሪን ቤት የራስ ማድረግ በጅማ ብቻ የታየ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ ቴአትር ኢጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ነበር። ከነጻነት በኋላ ተፈጽሞ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ተመረቀ፤ ለኢትዮጵያ ተውኔትና ሙዚቃም ዋና መድረክ ሆነ። አሥመራም በዚያው ዘመን የተሠሩትን ሲኒማ ቤቶቿን ጠብቃ በመቆየቷ፣ ከተማይቱ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፋለች።

የሲኒማ ቤቶች መዳከም ከብዙ ምክንያት የመጣ ነው። ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ጀመረ፤ በኋላም ቪዲዮ በየመንደሩ ገባ። በመጨረሻም ፊልም በ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል መታተሙ በዓለም ሁሉ እየቀረ በዲጂታል ስለ ተተካ፣ አሮጌው መኪና የሚያሳየው አጣ።

እንግዲህ ዕድሳት ከየት ይጀምራል? ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የሚወርድባት አገር ስለ ሆነች መጀመሪያው ጣራና አሸንዳ ነው። ከቀለሙ በፊት ውሃው መንገዱን ማግኘት አለበት። በኖራ የተገነባ አሮጌ ግድግዳ በሲሚንቶ ቢለሰን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጡን ይበላዋል፤ ስለዚህ በኖራ የተሠራው በኖራ ይጠገናል። የመኪናው ክፍልም ሊፈርስ አይገባውም። በዚያ ዘመን የነበረው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚነድ ስለ ነበረ፣ ክፍሉ ከአዳራሹ ተለይቶ በጠንካራ ግድግዳ የሚከለለው እሳት ሕዝቡን እንዳይደርስ ነው፤ ለተማሪም የሚያስተምር ነው። በ1956 ዓ.ም. የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት በቬኒስ ተሰብስበው፣ ዕድሳት ግምት በሚጀምርበት ላይ መቆም አለበት ብለው ተስማምተዋል። የእኛም አገር የባህል ቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ የሚያድስ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ለወራሪ ሥራ ለምን ይወጣል የሚል ሰው ቢኖር፣ ጥያቄው ከአገር ፍቅር የመጣ ነውና ልናቃልለው አይገባም። መልሳችንም ይህ ነው፤ ቤቱን ወራሪው የያዘው ጥቂት ዓመት ሲሆን፣ የጅማ ሕዝብ ግን በልጅ በልጅ ልጅ ዘመን ኖሮበታል። ቤት ለኖረበት ነው። ታሪኩን ግን መደበቅ አይገባም፤ ማን እንደ ሠራው፣ ማንን ለመለየት እንደ ሠራው፣ ማንም እንደ ወረሰው በበሩ ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ። በጅሬን ያለው ቤተ መንግሥት የነጻነቱን ዘመን እንደሚናገር፣ ሲኒማ ቤቱም የፈተናውንና ከፈተናው የመውጣቱን ዘመን ይናገራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው። ታድሶ የሚቆለፍ አዳራሽ ሁለተኛ ጊዜ ያረጃል። ፊልሙ፣ ተውኔቱ፣ የተማሪው ግጥምና የሽማግሌው ትረካ በየተራ ይግባበት፤ በቡና ለቀማው ወራት ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጣው እንግዳም ማታ የሚቀመጥበት ወንበር ያግኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን የማይችለውን ዕዳ ነጋዴው፣ መምህሩና ተማሪው ቢካፈሉት ይቀላል። ያን ጊዜ ሂርማታ የጀመረችው መሰባሰብ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ የታደሰውም ቤት በእውነት ታደሰ ይባላል።