አስማት

«አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነውና ትርጓሜው «ስሞች» ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ኅቡኣት ስሞችን በመድገም ኃይልን የመሻት ጥበብ መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህም በደምበጫም ሆነ በቡሬ ገጠር ክታብ የሚጽፍ ደብተራ አስቀድሞ የባለጉዳዩን የክርስትና ስም ይጠይቃል፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ ከካህን የሚቀበሉትን፣ እንደ ወልደ ሚካኤልና ወለተ ማርያም ያለውን ይህን ስም፣ መተተኛ እንዳያገኘው በመስጋት ብዙ ሰው ይሰውረዋል። በእንግሊዝ አገር ጄራልድ ጋርድነር ያስፋፋው የዊካ እምነት ተከታይ በአንጻሩ የምሥጢር ስሙን ራሱ ይመርጣል፤ ጋርድነርም በ1949 እ.ኤ.አ. «ስኪሬ» በሚለው ስሙ ልብ ወለድ አሳትሟል። የእኛው ስም ግን ከጎረቤት ቢሰወርም፣ በቁርባንም በፍትሐትም ካህኑ የሚጠራው እርሱን ነው።