የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድና ያልተመዘገበው ወጪ



በየዓመቱ የማኅበራችን የሥራ ዕቅድ ለውይይት ሲቀርብ ከአባላት የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል። ይህ ጥያቄ ለአገር ዕቅድም ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ ከ1977 እስከ 1986 ዓ.ም. እንዲቆይ ታስቦ የነበረውን የደርግ መንግሥት የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ በዚሁ ጥያቄ እንመልከተው። ልማት፣ ሥራና መከላከያ ከአንድ ካዝና ሲወጡ ምን እንደሚሆን፣ የጎደለውንም ማን እንደሚሞላ በግልጽ ያሳየናል።

አገራችን ለዕቅድ አዲስ አልነበረችም። በንጉሡ ዘመን ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት የአምስት ዓመት ዕቅዶች ወጥተዋል። የመጀመሪያው ቅድሚያ የሰጠው ለመንገድ፣ ለኃይል ማመንጫና ለመሳሰሉት መሠረተ ልማቶች ነበር። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። የገበሬው ዋና ጉዳይ የሆነው የመሬት ይዞታ ግን እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ መልስ ሳያገኝ ቆየ።

ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ጦርነቱ በ1970 ዓ.ም. ሲያበቃ መንግሥት ሕዝቡን ለጦርነት ባንቀሳቀሰበት መንገድ ለምርት ሊያንቀሳቅሰው አሰበ። በ1971 ዓ.ም. የብሔራዊ አብዮታዊ ልማት ዘመቻ ታወጀ፤ ማዕከላዊ ፕላን የሚያወጣ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። በየዓመቱ ሲወጡ ከነበሩት ዕቅዶች በኋላ፣ ኢሠፓ በተመሠረተበት ወቅት፣ የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ሥራ ላይ ዋለ።

የዕቅዱ ግብ ትልቅ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በየዓመቱ በአማካይ 6.5 በመቶ እንዲያድግ፣ ኢንዱስትሪውም ከእርሻው ፈጥኖ እንዲራመድ ታቀደ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎችና ባንኮች ቀድሞውኑ ስለተወረሱ ዋናው ቀጣሪ መንግሥት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ወጣትም ሥራ የሚይዘው በመንግሥት ምደባ ነበር።

የተሠራውን አለመቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና ኃይል ማመንጫ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም የዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። ብዙ እናቶች ስማቸውን መጻፍና ጣታቸውን ሳያጠቅሱ መፈረም የቻሉት በዚያ ዘመቻ ነው። ዛሬ የቁጠባ ደብተር ለምትይዝ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ዕቅዱን ምን ጣለው? አንደኛው ድርቁና ረሃቡ ነው። የዕቅዱ የመጀመሪያ ዓመት የ1977 ረሃብ ዓመት ስለነበር ኢኮኖሚው ማደጉ ቀርቶ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለተኛው ጣሪያ ያልነበረው የመከላከያ ወጪ ነው። የሶማሊያው ጦርነት ቢያበቃም በሰሜን ያለው ቀጠለ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ተጠሩ። ለፋብሪካና ለመስኖ የተያዘ በጀት ገንዘብ ሲያጥር ይተላለፋል፤ የግንባር ወጪ ግን ለነገ አይባልም። ከአንድ ካዝና ሲከፈል የሚጎዳው ሊተላለፍ የሚችለው ነው።

የጎደለውም ከሦስት ቦታ ተሞላ። አንዱ ብድር ነው። የጦር መሣሪያው አብዛኛው ከሶቪየት ኅብረት በዱቤ የመጣ ሲሆን፣ ሩሲያ ኋላ አብዛኛውን እስክትሰርዘው ድረስ ዕዳው መንግሥቱ ከተለወጠም በኋላ በአገሪቱ ስም ተመዝግቦ ኖሯል። ሁለተኛው ገበሬው ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ እየጣለ እህሉን ከገበያ በታች በተወሰነ ዋጋ ይገዛው ነበር።

ሦስተኛው በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረው የሴቶች ጉልበት ነው። ባሏ ወይም ልጇ የዘመተባትን የገጠር ሴት እናስብ። በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የወንድ ሥራ ነው። የ1967ቱ አዋጅ እርሻ በቅጥር ጉልበት እንዳይሠራ ሲከለክል ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው ለይቷታል፤ ሕጉ ችግሯን አስቀድሞ አይቶ ነበር። የገበሬ ማኅበራትም የዘማች ቤተሰብን መሬት እንዲያርሱ ይጠበቅባቸው ነበር። ነገር ግን የሰው መሬት የሚታረሰው የራስ ካለቀ በኋላ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ መሬቷን ለእኩል የምትሰጥ ብዙ ነበረች። ምርቷ በግማሽ ሲቀንስ የልጆቿ ቁጥር ግን ያው ነው።

በከተማም ስኳርና ሳሙና ለማግኘት በቀበሌ ሱቅ በር ላይ የሚሰለፉት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ለሠራዊቱ ስንቅ ሲባል በሶ የፈጩትና ዳቦ ቆሎ የጋገሩትም እነርሱ ናቸው። የደመወዝ ጉድለቱ የተሸፈነው በጠላ፣ በእንጀራና በጉሊት ነው። ያ ሁሉ ሥራ ለአገር የዋለ ነበር፤ በዕቅዱ ግን እንደ ሥራ አልተቆጠረም።

መንግሥት በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ መመሪያውን ሲለውጥ ጊዜው አልፎ ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ለዕቅዱ ማብቂያ ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ያለ ሥራ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሥራ ይፈጥራል የተባለው ዕቅድ ብዙዎችን ያሰማራው በጦር ግንባር ስለነበር ግንባሩ ሲፈርስ ሥራቸውም አብሮ ፈረሰ። የተመለሰውን ሰው፣ አካሉ የጎደለውንም ጭምር፣ የተቀበለው ያው ቤት ነው።

ዛሬም አገራችን ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቅ የአሥር ዓመት የልማት ዕቅድ አላት። የአንድ ዘመን ውድቀት በሌላው ላይ ይደገማል ማለቴ አይደለም። ዕቅድ በቀረበልን ቁጥር ግን ግቡን ብቻ ሳይሆን ጉድለት ሲመጣ ማን እንደሚሞላው ብንጠይቅ መልካም ነው። መልሱ ካልተጻፈ የምትሞላው አንዲት ሴት መሆኗን ካለፈው ተምረናል።

ጥያቄውን ከራሳችን ብንጀምርስ? በማኅበራችን ሒሳብ መግለጫ ላይ የአባልነት መዋጮና የለጋሾች ድጋፍ በብር ተለይተው ይታያሉ። የታመመች አባል ለመጠየቅ፣ ልጅ ለመጠበቅ፣ ስብሰባ ለማዘጋጀት አባላት የሚያውሉት ሰዓት ግን የትም አይታይም። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ለዚህ የሚሆን አንድ ዓምድ እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ። ደጋፊዎቻችንም የሚሰጡን ገንዘብ በምን ያህል ያልተከፈለ ጉልበት ላይ እንደሚቆም ያውቃሉ፤ እኛም ስንደክም የደከምንበትን ምክንያት በቁጥር ማሳየት እንችላለን።