ራላንቲር ማለት ቀስ

ከድሬዳዋ ተነስታችሁ ወደ ምዕራብ ስትጓዙ፣ ሙቀቱ ገና ሳይለቃችሁ ሁርሶ ትደርሳላችሁ። ዛሬ ስሟ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ወታደር ማሰልጠኛውን ነው። እኔ ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ነው።

ያ ሀዲድ ነጠላ ነበር፤ ወርዱም 1 ሜትር ብቻ። ከአዲስ አበባ የሚወርደውና ከጅቡቲ የሚወጣው ባቡር መተላለፍ የሚችሉት እንደ ሁርሶ ባሉ ጣቢያዎች ነው። ማን ይቁም? ማን ይለፍ? ኩርባው ላይ በስንት ይነዳ? ይህ ሁሉ በሾፌሩ ግምት የሚሆን ነገር አይደለም፣ ተጽፎ የተቀመጠ ደንብ አለው። ደንቡ ግን የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በ1886 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሳ፣ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ (ከተማዋም የተወለደችው በዚሁ ሰበብ ነው)፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ገንዘቡም አስተዳደሩም የፈረንሳዮች ስለነበር የሥራው ቋንቋ የእነሱ ሆነ። በ1970ዎቹ ድርጅቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ሲሆን እንኳ ፈረንሳይኛው ከቢሮው አልወጣም። እኛም ለገሃርን፣ ፉርጎን ወስደን የራሳችን አደረግናቸው። ቃል መውሰድ ቀላል ነው።

ከዚራ የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ አሉ። «መመሪያውን እንዴት ተማሩት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ።

«አቦ፣ ማን አንብቦ ተማረ! አሮጌው ሠራተኛ ይነግርሃል፣ አንተ ትይዛለህ። በኔ ጊዜ የአማርኛ መመሪያ አላየሁም።»

አንድ ደብተር ግን ነበራቸው። የፈረንሳይኛውን ቃል በፊደል ይጽፉና ከጎኑ ፍቺውን ያደርጋሉ። «ራላንቲር፣ ቀስ» ይላል አንዱ መስመር። ሲረሱት ለመመልከት እንጂ ለሌላ ሰው ብለው አልጻፉትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከብዙ የታተመ ማኑዋል ይሻላል፤ የሚሠራው ሰው በሚገባው ቃል የተጻፈ ነዋ።

ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ ፈጣን ባቡር ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ከሀዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ሾፌሩ ፈረንሳይኛ ስላልገባው ነው እያልኩ አይደለም፣ እንደዚያ የሚያስብል ማስረጃ የለኝም። ግን የአንድ ቁጥር ክብደት፣ «እዚህ ጋ ከዚህ በላይ አትንዳ» የምትል የአንዲት መስመር ዋጋ፣ ከዚያ ቀን የበለጠ የታየበት ጊዜ አላውቅም። ሽማግሌው ይህን ስናነሳ ደብተሩን ዘጉት። ብዙም አላወሩ።

ነገሩ የባቡር ብቻ አይደለም። መድኃኒት ስንገዛ ካርቶኑ ውስጥ እንደ ነጠላ የታጠፈ ወረቀት አለ፣ በደቃቅ እንግሊዝኛ። የሚያነበው የለም። እናቴ የምትከተለው ፋርማሲስቷ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈችውን «1×3፣ ከምግብ በኋላ» ነው። አምራቹ ያን ሁሉ ጽፎ ያልነገራትን ልጅቷ በአንድ መስመር ነገረቻት። የጎደለው ነገር አለ፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ምን እንደሚሆን እስክሪብቶው አልጻፈም። እዚያ ጋ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ሀዲዱ ሰፋ፣ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ሆነ። መጀመሪያ ያንቀሳቀሱት ቻይናውያን ነበሩ፤ ሥራው ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ሠራተኞች የተላለፈው በ2016 ዓ.ም. ነው። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው ስለ ፍጥነቱም ስለ ምቾቱም አልጠየቁኝም።

«ደብተር ይዘዋል?» አሉኝ።