ፊደላችን በገመድ ያለፈበት መንገድ

ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው አማርኛ ጽፈው በወረቀት ቢያትሙ የሚደነቅ የለም። ነገር ግን ከኮምፒውተር ወደ ወረቀት የሚወስደው መንገድ ለማንኛውም ቋንቋ አስቸጋሪ የነበረበት፣ ለፊደላችን ደግሞ ጭራሹን ያልተከፈተበት ጊዜ ነበር። ከአገር ርቀን ለምንኖር ሰዎች የዕድርና የማኅበር ጥሪ፣ የልጆች የፊደል ገበታ፣ የበዓል መልእክት ሁሉ በጽሑፍ የሚቆም በመሆኑ ይህን ታሪክ ማወቁ ይጠቅመናል እንላለን።

ታሪኩን እ.ኤ.አ. ከ1975 እንጀምር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አልበከርኪ ከተማ የነበረው ሚትስ የተባለ ኩባንያ አልቴር 8800 የተሰኘውን ማይክሮ ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ። ኮምፒውተሩ ሲሸጥ ስክሪንም ሆነ መጻፊያ ሰሌዳ አልነበረውም፤ በፊቱ ላይ የተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ትንንሽ መብራቶች ብቻ ነበሩት። አቅሙ የፈቀደላቸው ባለቤቶች ለመልእክት ማስተላለፊያ የተሠራውን ቴሌታይፕ ሞዴል 33 ያገናኙበት ነበር። ይህ መሣሪያ በሴኮንድ 10 ፊደል ይመታል፤ 2,000 ፊደል ላለው አንድ ገጽ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። የሚመታውም ትልልቁን የላቲን ፊደል ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለው ግንኙነት ሲሪያል ይባላል። መረጃው ቢት በቢት፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ በአንድ ሽቦ ይሄዳል ማለት ነው። በሰፊው የተሠራበት ደንብ አርኤስ-232 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ወጥቶ በ1969 ተሻሽሏል። ደንቡ የታሰበው ግን ተርሚናልን ከሞደም ጋር ለማገናኘት እንጂ ኮምፒውተርን ከማተሚያ ጋር ለማገናኘት አልነበረም። ብዙው ችግር የመጣው ከዚህ ነው። 25 ፒን ባለው ሶኬት ላይ ተርሚናል በ2ኛው ፒን ይናገራል፣ በ3ኛው ይሰማል። ኮምፒውተሩም ማተሚያውም እንደ ተርሚናል ከተሠሩ ሁለቱም በአንዱ ሽቦ ይናገራሉ፣ ሁለቱም በሌላው ሽቦ ጆሮአቸውን ጥለው ይጠብቃሉ፤ መልእክቱ ግን አይደርስም። መፍትሔው 2ኛውንና 3ኛውን ሽቦ አጠላልፎ መበየድ፣ የጋራ መመለሻ የሆነውን 7ኛውን ደግሞ ቀጥ አድርጎ ማገናኘት ነበር።

ገመዱ ከተስተካከለ በኋላም ስምምነት ያስፈልጋል። አንደኛው ፍጥነት ነው፤ በሴኮንድ 300፣ 1,200 ወይም 9,600 ቢት ሊሆን ይችላል። አንዱ በ1,200 ሲልክ ሌላው በ300 ቢቀበል በወረቀቱ ላይ የሚወጣው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። ማተሚያው ከኮምፒውተሩ ስለሚዘገይ «ቆየኝ» የሚልበት መንገድ ይሻል። ይህም ወይ በተለየ ሽቦ፣ ወይም ቁጥር 19ን ልኮ በማስቆምና ቁጥር 17ን ልኮ በማስቀጠል ይፈጸማል። ይህ ካልተዘጋጀ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በደንብ ይታተሙና ከዚያ በኋላ ፊደል እየተዘለለ ጽሑፉ ይበላሻል።

እንግዲህ በሽቦው የሚሄደው ፊደሉ ራሱ ሳይሆን የፊደሉ ቁጥር መሆኑን ልብ እንበል። አስኪ የተባለው የአሜሪካ የቁጥር ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው። የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ፣ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሳይቆጠሩ 231 ይሆናሉ። ገመዱ በትክክል ቢበየድ፣ ፍጥነቱም ቢስማማ፣ «ሀ»ን የሚወክል ቁጥር በስምምነቱ ውስጥ አልነበረም።

መንገዱን የከፈተው በነጥብ የሚያትመው ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ኢሜጅራይተር ከተባለው ማተሚያ ጋር በሲሪያል ገመድ ይገናኝ ነበር፤ በፊደል ቁጥር ፈንታም ገጹን እንደ ሥዕል በነጥብ መላክ ይችል ነበር። ነጥብ ደግሞ ቋንቋ አይለይም። ዋጋው ጊዜ ነበር። 8 በ11 ኢንች የሆነ ገጽ በኢንች 72 ነጥብ ቢሣል 456,192 ነጥብ ይሆናል። በ9,600 ፍጥነት ይህን በገመዱ ለማሳለፍ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ 2,000 የላቲን ፊደል ግን በሁለት ሴኮንድ ያልፋል።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገር ቤትም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞችን ሠሩ። ሆኖም የጋራ ደንብ ስላልነበረ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት፣ ፍጥነታቸው እንዳልተስማማ ኮምፒውተርና ማተሚያ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ስለዚህ በየቤታችሁ ፍሎፒ ዲስክ ላይ የቀረ የአማርኛ ጽሑፍ ካለ፣ የተጻፈበት ፕሮግራም ስም አብሮ ይጻፍበት፤ ያለ እሱ ጽሑፉን መልሶ ማንበብ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በነጥብ የታተመ ወረቀት ካላችሁም ሪባኑ ደብዝዟል ብላችሁ አትጣሉት። ወረቀቱን ያለ ምንም ፕሮግራም ማንበብ ይቻላልና፣ ልጆቻችሁ ፎቶ ያንሱት፤ በዩኒኮድም መልሰው ይጻፉት።